ዩኒየን ይግባ ወይ ተብሎ ቢመረጥ ኖ ነው የምለው፣ ለምን እንደሆነ ላስረዳ (ረጅም ነው)

ጋሊ ውስጥ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ከኛ ሥራ የሆናችሁ ብዙ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። የምሠራበትን አየር መንገድ ስም አልጠራም፣ አሜሪካ ውስጥ ነው፣ የበረራ አስተናጋጁ ዩኒየን (የሠራተኛ ማህበር) የለውም፣ አሁን ማህበሩ ይወክለኝ የሚል ካርድ እየተፈረመ ነው። ከሠራተኛው ግማሹ ከፈረመ ምርጫ ይጠራል። እኔ አልፈረምኩም፣ ምርጫው ቢመጣም ኖ ነው የምለው። ይሄን አፍ አውጥቼ ስናገር የማናጅመንት ሰው ነች እየተባልኩ ነው፣ እና ሰው እያየኝ ከምከራከር ረጋ ብዬ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሕጉን እንያዝ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ዩኒየን ሲባል በጭንቅላቱ የሚመጣለት የፋብሪካው ነው፣ አልተስማማንም፣ ሥራ አቆምን፣ ባለቤቱ ተንበረከከ። የኛ እንደዛ አይደለም። እኛን የሚገዛን ሬይልዌይ ሌበር አክት የሚባለው ነው፣ በ1926 ለባቡር ወጥቶ በ1936 አየር መንገድም የተጨመረበት። የሕጉ ሃሳብ ትራንስፖርት እንዳይቋረጥ ነው። ኮንትራት ቀኑ ሲደርስ አያልቅም፣ ለማሻሻል ክፍት ይሆናል ነው የሚባለው፣ አዲሱ እስኪፈረም ድረስ በድሮው ደሞዝ ትሠራለህ። አድማ መምታት ከፈለግክ ናሽናል ሚዲየሽን ቦርድ የሚባለው የመንግሥት አስታራቂ መጀመሪያ ድርድሩ ከዚህ በላይ አይሄድም ብሎ መልቀቅ አለበት፣ ከዛ 30 ቀን መጠበቂያ አለ፣ ከዛም በኋላ ፕሬዚዳንቱ አስቸኳይ ቦርድ አቋቁሞ እንደገና ሊያቆየው ይችላል። እና ሚዲየሽን ቦርዱ በዚህ ቀን መልቀቅ አለበት የሚል ገደብ የለም። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ።

አሁን ውጤቱን እዩ። የሳውዝዌስት አየር መንገድ ክሩ (የበረራ አስተናጋጆቹ) ኮንትራት በ2018 መጨረሻ ለማሻሻል ክፍት ሆነ፣ አዲሱ የጸደቀው አፕሪል 2024 ነው፣ ያውም የመጀመሪያውን ስምምነት ራሱ አባሉ ጥሎት። የአሜሪካን አየር መንገድ ከ2019 መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር 2024። የዩናይትድ ኦገስት 2021 ክፍት ሆኖ፣ በ2025 ስምምነት ይዘው መጡ፣ ጁላይ ላይ አባሉ 71 በመቶ ኖ ብሎ መለሰው። እነዚህ ትልልቅ፣ ልምድ ያላቸው፣ ገንዘብ ያላቸው ዩኒየኖች ናቸው፣ አዲስ ጀማሪ አይደሉም። በዛ ሁሉ ዓመት ኑሮ ሲወደድ የደሞዝ ስኬሉ ቆሞ ነበር።

የበረራ አስተናጋጁ ዩኒየን የሌለው ዴልታስ? በ2022 አራት፣ በ2023 አምስት፣ በ2024 አምስት፣ በ2025 አራት በመቶ ጨመረ። ተሳፋሪ ሲገባ ለምንቆምበት ሰዓት፣ ማለት ለቦርዲንግ፣ ከትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች መጀመሪያ መክፈል የጀመረው ዴልታ ነው፣ ጁን 2022፣ የሰዓት ክፍያውን ግማሽ። ለ2023 ትርፍ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ለሠራተኛው አካፈለ፣ ለ2024ም እንዲሁ። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ አሜሪካንና ዩናይትድ ኦክቶበር ላይ በሺዎች ሲያሰናብቱ ዴልታ የበረራ አስተናጋጅ በግድ አላሰናበተም፣ በፈቃዱ የወጣው ወጣ።

አውቃለሁ ምን እንደምትሉ። "ይሄ ሁሉ እኮ ዩኒየን እንዳይገባ ፈርተው ነው።" አዎ! እኔም እሱን ነው የምለው። ፍርሃቱ ይሠራል። ማናጅመንት በየወሩ ስንት ካርድ ተፈረመ እያለ ሲሰጋ እኛ ጋ ገንዘብ ይመጣል፣ ፈጥኖ ይመጣል፣ ማንንም ወረፋ ሳይጠብቅ። ምርጫው ዩኒየን ያሸነፈ ቀን ግን ያ ፍርሃት አለቀ ማለት ነው። የፈሩት ሆነ፣ ከዛ በኋላ የሚያስቸኩላቸው ምን አለ? ጠበቃ ቀጥረው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጠረጴዛው ደግሞ ቀነ ገደብ የሌለው ጠረጴዛ ነው። ትልቁን መሣሪያችንን፣ ማለት ገና ያልመረጥን መሆናችንን፣ በአንድ ቀን አስረክበን በምትኩ የድርድር ወረፋ እንቀበላለን። ሌላው ምክንያት ሁሉ ለኔ ከዚህ በታች ነው።

እስቲ ተቃወሙኝ።

ስታንድባይ፦

ቃል በቃል ልቤ ውስጥ ያለውን ነው የጻፍሽው። እኔ ላይ የሚከብደኝ መዋጮው ነው። ኤኤፍኤ የሚባለው የበረራ አስተናጋጆች ዩኒየን በወር 50 ዶላር ነው፣ በዓመት 600። ለአዲስ ገቢ፣ ሪዘርቭ ላይ ላለ ሰው፣ ማለት ጥሪ እየጠበቀ ለሚሠራ፣ ቀላል አይደለም። እና ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ "እኔ ያለሁበት ስቴት ራይት ቱ ወርክ (የዩኒየን ክፍያ ግዴታ እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ ያለው) ነው አያስገድዱኝም" የሚል አለ። ተሳስቷል። በሬይልዌይ ሌበር አክት ስር የስቴቱ ሕግ አይሠራም፣ ኮንትራቱ ላይ ክፍያው ግዴታ ነው ተብሎ ከገባ ጆርጂያም ሁን ቴክሳስ ትከፍላለህ፣ አልከፍልም ካልክ ሥራህን ልታጣ ትችላለህ። አባል አልሆንም ብለህ መከራከር ትችላለህ፣ ያኔም ቢሆን የድርድሩን ወጪ ድርሻ ትከፍላለህ፣ የሚቀርልህ የፖለቲካውና የመሳሰለው ብቻ ነው።

ቤዛ_27፦

ስታንድባይ፣ የመዋጮውን ነገር ግማሹን ነው ያወራኸው። ኮንትራት ጸድቆ እስኪፈረም ድረስ ኤኤፍኤ መዋጮ አይሰበስብም። ማለት ኮንትራቱን አንብበህ፣ 600 ዶላሩን ያወጣል አያወጣም ብለህ መርጠህ ነው ክፍያው የሚጀምረው።

ጋሊ ውስጥ፣ እህቴ አጻጻፍሽ ደስ ይላል ግን አንድ ነገር ዘለልሽ። ሳውዝዌስት አምስት ዓመት ጠበቀ አልሽ፣ ሲፈረም ግን ስንት ጨመረ? ወዲያው ከ22 በመቶ በላይ፣ ከዛ በየዓመቱ ጭማሪ። አሜሪካን እስከ 20.5 በመቶ ወዲያው። ላለፈው ጊዜም ተመላሽ ክፍያ ነበረው። እና የዴልታን ጭማሪ ማን ጻፈው? ማንም። ነገ ጠዋት ተነስተው የትርፍ ክፍፍሉን ቀመር ቢቀይሩ ማንን ትከሻለሽ? ኮንትራት ማለት እኮ የተሰጠሽን ነገር መልሰው እንዳይወስዱብሽ መጻፍ ነው። አንቺ የምትይው "በፍርሃታቸው እንኑር" ነው። ሰው ፍርሃቱ ሲለቀው ምን እንደሚያደርግ አታውቂም እንዴ?

ጋሊ ውስጥ፦

ቤዛዬ ተመላሽ ክፍያው እውነት ነው፣ አልካድኩም። ግን በመሃል ሥራ የለቀቀ ሰው አለ፣ በዛ ዓመታት ቤት ኪራይ በክሬዲት ካርድ የከፈለ አለ፣ ወለዱን ማንም አይመልስለትም። 22 በመቶ ትልቅ ይመስላል፣ ለአምስት ዓመት ስታካፍይው ደግሞ ዩኒየን የሌለው በየዓመቱ ካገኘው ጋር ተቀራራቢ ነው የሚሆነው።

"የተጻፈ አይወሰድም" ላይ ግን አልስማማም። የተጻፈም ይወሰዳል። ይሄን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ኖርዝዌስት አየር መንገድ የነበሩ ናቸው፣ እዚህ ካለ ሰው ቢናገር ደስ ይለኛል።

የድሮ_ክንፍ፦

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ኖርዝዌስት ነበርኩ፣ ጠሩኝ መሰለኝ ስለዚህ ልናገር።

ሴፕቴምበር 2005 ኖርዝዌስትና ዴልታ በአንድ ቀን ኪሳራ አወጁ። እኛ ኮንትራት ነበረን፣ ዩኒየን ነበረን፣ ሁሉም ነገር በወፍራም መጽሐፍ ተጽፎ ነበር። ኩባንያው ከኛ ከክሩው ብቻ በዓመት 195 ሚሊዮን ዶላር ቅነሳ ጠየቀ። ዩኒየኑ ተስማምቶ ያመጣውን ሁለት ጊዜ ድምጽ ሰጥተን ጣልነው። በመሃልም ዩኒየኑን ራሱን ቀይረን ኤኤፍኤ ገባን። ጁላይ 31 ቀን 2006 ኩባንያው በኪሳራ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ኮንትራቱን አውልቆ አዲሱን ሁኔታ ጫነብን። እሺ ኮንትራቱ ከፈረሰ አድማ እንመታለን አልን፣ ፍርድ ቤት አድማውንም አገደው፣ ይግባኝ ሰሚውም በ2007 እገዳውን አጸና። ስለዚህ ኮንትራት የለም፣ አድማ የለም፣ ደሞዝ የለም ማለት ይቻላል። በግንቦት 2007 በጠባብ ልዩነት ስምምነት አጸደቅን፣ ደክሞን ነበር።

ይሄን ስል ዩኒየን ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ከኔ በፊት የነበሩት ሴቶች ካገቡ ይባረሩ ነበር፣ አንዳንድ ቦታ 32 ዓመት ሲሞላቸው በቃሽ ይባሉ ነበር፣ ያንን ያስቀየሩት በዩኒየንና በፍርድ ቤት የታገሉት ናቸው። እነሱ ባይኖሩ እኔ ጡረታዬን ከክንፍ ጋር አላየውም ነበር። ለዛ ክብር አለኝ። ግን "ከተጻፈ አይነካም" ብሎ ልጆችን ማሳመን ልክ አይደለም። እኔ ሲነካ አይቻለሁ።

ሪዘርቭ_ላይ_ነኝ፦

እናቴ ይሄን ስለነገሩን እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፣ ከዴልታ ጋር ስትቀላቀሉ ሲኒዮሪቲያችሁ፣ ማለት በሥራ ዘመን የያዛችሁት ተራ፣ ምን ሆነ? እዚህ ካርድ የሚያስፈርሙት ልጆች "ዩኒየን ከሌለን መርጀር ሲመጣ ከስር ነው የሚለጥፉን" እያሉ ነው የሚያስፈራሩን።

የድሮ_ክንፍ፦

በተቀጠርንበት ቀን ነው የተቀላቀልነው ልጄ። እኔ ቦታዬን አላጣሁም።

ጋሊ ውስጥ፦

እዚህ ላይ ልጨምር ምክንያቱም ይሄ ማስፈራሪያ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ሕግ አለ፣ ማካስኪል ቦንድ ይባላል፣ በ2007 መጨረሻ የወጣ፣ ሁለት አየር መንገዶች ሲቀላቀሉ የሲኒዮሪቲ ዝርዝሩ በፍትሃዊ መንገድ መቀላቀል አለበት ይላል፣ ካልተስማሙ ገላጋይ ዳኛ ይወስናል። ዩኒየን ላለውም ለሌለውም ይሠራል።

ይሄ ሕግ ለምን ወጣ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በ2001 አሜሪካን ቲደብሊውኤ የሚባለውን አየር መንገድ ሲገዛ የቲደብሊውኤ የበረራ አስተናጋጆች፣ ሃያ ሰላሳ ዓመት የሠሩ ሴቶች፣ ከዝርዝሩ መጨረሻ ተለጠፉ፣ ትናንት ከተቀጠረችው ልጅ ሥር። የለጠፋቸው ማናጅመንት ብቻ መሰላችሁ? በሌላኛው በኩል ያለው የአሜሪካን ክሩ ዩኒየን ነው የራሱን አባላት ለመጠበቅ ብሎ። ከዛ ቅነሳው ሲመጣ ከስር ያሉት ናቸው የወጡት፣ እስከ 2003 ድረስ በሺዎች። ሁለቱ የሚዙሪ ሴናተሮች ሕጉን ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ዩኒየን ከመለጠፍ ያድናል የሚለኝ ሰው መጀመሪያ ለነዛ ሴቶች ያስረዳቸው።

ዳንኤል_ፐርሰር፦

ዴልታ ጥሩ ስለሆነ የኛም አየር መንገድ ጥሩ ይሆናል ማለት አይደለም እኮ። ሁሉም ሰው ዴልታ ዴልታ ይላል። ትንንሾቹ ሪጂናሎች (የአጭር በረራ አየር መንገዶች) ላይ ያለውን ልጅ ጠይቁት።

ቤዛ_27፦

እሱን በለው ዳንኤል።

እሺ እኔ ዋናውን ነገር ልናገር፣ ደሞዝ ደሞዝ ስንል የረሳነውን። ዲሲፕሊን። አንድ ተሳፋሪ ደብዳቤ ጻፈብሽ፣ ወይም ታመሽ ቀረሽ፣ ወይም ሶሻል ሚዲያ ላይ የሆነ ነገር ፖስት አደረግሽ፣ ሱፐርቫይዘሩ ጠራሽ፣ ከዛ "ከዛሬ ጀምሮ አትሠሪም"። ዩኒየን የሌለው ሰው በፈለጉት ቀን በፈለጉት ምክንያት ይባረራል። ኮንትራት ያለው ግን በቂ ምክንያት አምጡ ይላል፣ አብሮት የሚገባ ተወካይ አለው፣ ካልተስማሙ ጉዳዩ ገለልተኛ ዳኛ ጋ ይሄዳል። ጓደኛዬ በዚህ ነው ሥራዋ የተመለሰላት፣ ከነደሞዟ። ጋሊ ውስጥ፣ ለዚህ መልስሽ ምንድነው? ፍርሃቱ እዚህ ይሠራል? ማናጅመንት አንዲት ልጅ ለማባረር ማንን ይፈራል?

ጋሊ ውስጥ፦

ይሄ ከሁሉም የሚከብደኝ ጥያቄ ነው፣ አድበስብሼ አላልፈውም። ገለልተኛ ዳኛ ጋ የመሄድ መብት ዩኒየን ከሌለህ አታገኘውም፣ በቃ ይሄ እውነት ነው። ከተባረርሽ በኋላ ያለሽ መንገድ በዘር፣ በጾታ፣ በእድሜ አድልዎ ወይም በሕክምና ፈቃድ ሕግ መክሰስ ነው፣ ያ ደግሞ ጠበቃና ጊዜ ይፈልጋል።

ግን ይሄን መብት ለማግኘት የምከፍለውን ዋጋ ሳስብ ሚዛኑ አይደፋልኝም። አብዛኞቻችን በሥራ ዘመናችን ዳኛ ፊት አንቀርብም። ሁላችንም ግን በየወሩ ደሞዝ እንቀበላለን፣ ፕሮግራም እንቀያየራለን፣ ትርፉን እንካፈላለን። የሁሉንም የሚነካውን ለጥቂቱ ብዬ አምስት ዓመት ወረፋ አላስይዝም። ጨካኝ ይመስላል አውቃለሁ። ጓደኛሽ ሥራዋን በማግኘቷ ከልቤ ደስ ይለኛል።

ሌላው፣ እኛ ጋ የሥራ ባልደረቦች የሚዳኙበት የቅሬታ አሠራር አለ፣ ደካማ ነው፣ ውሳኔው ማናጅመንትን አያስገድድም። እሱ እንዲጠነክር ካርድ ሳይፈረምም መጮህ ይቻላል፣ ማንም የጮኸ የለም እንጂ።

ሀብቴ_ከኋላ፦

አድማን ማንም በደንብ አላነሳም። በ1993 አሜሪካን ክሩ ለምስጋና ቀን በዓል ሰሞን ወጥቶ ክሊንተን ራሱ ስልክ ደውሎ በአምስት ቀን ወደ ገላጋይ ዳኛ ሄደ። ሠርቷል እኮ።

ጋሊ ውስጥ፦

ሀብቴ ያ ሠርቷል። ከሱ በፊት ሰባት ዓመት ወደኋላ ደግሞ ሂድ። ማርች 1986 የቲደብሊውኤ ክሩ ወጣ፣ ባለቤቱ ካርል አይካን ነበር። አዲስ ሰው አሠልጥኖ አስገባ፣ አድማውን ጥሶ የተመለሰውን ተቀበለ፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ዩኒየኑ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እንመለሳለን አለ። መቀመጫው ግን ተይዟል። በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍት ቦታ እስኪገኝ ውጭ ቀሩ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1989 የተወሰነው ምን መሰለህ፣ አድማውን ሰብራ የተመለሰች ጁኒየር ቦታዋን ለሲኒየሯ አድመኛ እንድትለቅ አትገደድም። ዛሬም ያለው ሕግ ይሄው ነው። እና አንድ ክሊንተን አለ ብለህ ሌላ አይካን የለም ማለት አትችልም።

መስኮት_ዳር፦

እኔ ተሳፋሪ ብቻ ነኝ፣ ሥራችሁን አላውቀውም፣ ግን ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ነገር አልገባኝም። ጋሊ ውስጥ፣ ጭማሪ የሚያመጣው የካርዱ ፍርሃት ነው ካልሽ፣ ታዲያ ካርድ መፈረም የለብሽም እንዴ? ሁሉም እንዳንቺ አልፈርም ካለ ማናጅመንት ምኑን ይፈራል? ሌሎቹ በፈረሙት ካርድ አንቺ ጭማሪ እየበላሽ ነው እኮ።

ቤዛ_27፦

መስኮት ዳር ስምህን በወርቅ ይጻፉልህ!! ሳምንት ሙሉ ልላት የፈለግኩት እሱን ነው። የሚለፋው ሌላ፣ የሚበላው ሌላ።

ጋሊ ውስጥ፦

መስኮት ዳር ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በቀጥታ ልመልስ። ካርዱ ላይ የተጻፈው "ይህ ማህበር እንዲወክለኝ ፈቅጃለሁ" ነው። እኔ እንዲወክለኝ አልፈልግም፣ የማላምንበትን ነገር ለማስፈራሪያ ብዬ አልፈርምም። የሚፈርሙት ልጆች አምነውበት ነው የሚፈርሙት፣ እኔም አምኜበት ነው የማልፈርመው። ከነሱ ልፋት ተጠቅሜያለሁ ወይ? አዎ ተጠቅሜያለሁ፣ ለዛም ነው ስለነሱ ክፉ ቃል የማልናገረው፣ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ሲቆሙ ውሃ ሁሉ አቀብያለሁ። ግን ተጠቀምኩ ማለት መጨረሻውን ካልወደድኩት መምረጥ አለብኝ ማለት አይደለም።

ደግሞ ማናጅመንት የሚፈራው የተፈረመውን ካርድ ብቻ አይደለም፣ ያልፈረምነው እኛ ሃሳባችንን እንዳንቀይር ነው። እኔን ነው የሚያባብሉት፣ የፈረመውንማ ጨርሰውታል። ለኛ አለቃ በስብሰባ ላይ ተነስቼ እንደዛው ነግሬዋለሁ፣ በዚህ ዓመት የሪዘርቭ ሰዓቱን ካላስተካከላችሁ ኖ ማለቴን አትቁጠሩብኝ ብዬ።

ስታንድባይ፦

ይሄን ማናጅመንት ፊት መናገር የሚችል ስንት ሰው አለ ብለሽ ነው ግን? እኔ ባልፈርምም አልናገርም።

ሪዘርቭ_ላይ_ነኝ፦

እኔ እውነቱን ልናገር፣ ካርዱን ፈርሜያለሁ። የፈረምኩት ምርጫ ይጠራ፣ ሁሉም ይናገር፣ ከዛ እወስናለሁ ብዬ ነው። አሁን ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ወደ ኖ እያደላሁ ነው። ፈርሜ ኖ ማለት ይቻላል? ወይስ ተያዝኩ? ዝም ብዬ ባልመርጥስ?

ሀብቴ_ከኋላ፦

አልተያዝክም። ካርዱ ምርጫ ለማስጠራት ነው፣ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ምርጫው ሚስጥር ነው፣ በስልክ ወይ በኢንተርኔት ነው የምትመርጠው፣ አስፈራሚውም አለቃህም አያየውም።

አለመምረጥ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ድሮ ያልመረጠ ሰው እንደ ኖ ነበር የሚቆጠረው፣ ዩኒየኑ ከጠቅላላው ሠራተኛ ግማሽ በላይ ማግኘት ነበረበት። በ2010 ሚዲየሽን ቦርዱ ቀየረው፣ አሁን ከመረጠው ውስጥ የበዛው ያሸንፋል። ያኔ ዴልታ በኖቬምበር 2010 ሲመርጥ ከ18 ሺህ በላይ ሰው መርጦ ልዩነቱ 328 ድምጽ ነበር።

ጋሊ ውስጥ፦

328። ሪዘርቭ ላይ ነኝ ወንድሜ፣ ኖ ከሆነ ኖ ብለህ ምረጥ፣ የስ ከሆነም የስ በል፣ ቤት አትቅር። ዩኒየኑ ካሸነፈ ደግሞ ለሁለት ዓመት ሌላ ምርጫ አይጠራም፣ ሃሳብህን ብትቀይርም ትጠብቃለህ። እስከዛ ካርድ አስፈራሚዎቹን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፣ የመጀመሪያው ኮንትራት በስንት ዓመት ይፈረማል ብለው ነው የሚያስቡት፣ ቦርዱ ካልለቀቀን ምን ለማድረግ አስበዋል? መልሳቸውን እዚህ ጻፍልን፣ ቤዛም ካወቀች ትንገረን።

ቤዛ_27፦

ሐሙስ ስብሰባ አላቸው፣ እኔ ራሴ እጠይቃለሁ። መልሱን ሳልቀንስ ሳልጨምር አመጣዋለሁ።